ሰው ይዛ ትምጣ

ሰው ከንፈሩን ሲመጥ ከሰማሁ ቦታ እቀይራለሁ። ለቅሶ ቤት ስሄድ እንኳ ዳር ዳሩን ነው የምቀመጠው። «ምነው ሪሀና፣ ኩራት ነው?» ይሉኛል። ምን ኩራት አለው፤ ይቀፈኛል። ሰው በቁሙ ሲቀበር አይቻለሁ፣ ያውም በገዛ ዘመዱ፣ ያውም በዚያች «እምጷ» በምትል ድምፅ።

የተቀበረችው አክስቴ ፈዲላ ናት፤ የአባቴ ታናሽ እህት። ነገሩ የሆነው በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። እሷ አርባን አለፍ ብላለች፤ እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ምደባ እየጠበቅሁ ቤት ተጎልቻለሁ። የምንኖረው ገርጂ ነው። ያኔ ገርጂን ከተማ ለማለት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ከቤታችን ጀርባ እርሻ ነው፤ ከቦሌ ቡልቡላ ወተት የሚያመጡልን ሴቶች የጫማቸውን ጭቃ ደጃችን ላይ አራግፈው ነበር የሚገቡት። አባቴ ሰዲቅ መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው። ነበረው ይባላል እንጂ የምትከፍተው ፈዲላ፣ የምትዘጋው ፈዲላ፣ መርካቶ ወርዳ ዕቃ ተሸክማ የምትመጣው ፈዲላ። እሱ ወንበር አውጥቶ በሩ ላይ ይቀመጥና የመንገደኛውን ሰላምታ ይቀበላል።

ወደ እኛ የመጣችው ከኮምቦልቻ ነው። ባሏ ሃይደር የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ፣ ያ ሁሉ ትርምስ ሲሆን፣ መኪናውን ይዞ እንደወጣ ቀረ። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። ልጅም አልነበራቸውም። አባቴ «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ» ብሎ አመጣት። መጀመሪያ ሰሞን ሱቃችን ፊት የቆመ የጭነት መኪና ሁሉ ሾፌሩ ሳይጠየቅ አያልፍም ነበር። «ሃይደር የሚባል፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት የሆነ፣ ሳቂታ» ትላለች። ኋላ መጠየቁን ተወችው። ትቶት የሄደውን የሃይደርን ሽርጥ ግን በየዒዱ እያጠበች ታሰጣው ነበር። ላግባሽ ባይ ሲመጣባት «ባል አለኝ» ብላ ትመልሳለች። አባቴ ይህን ሲሰማ ወደ መሬት ያይ ነበር፤ እኔ እንግዲህ ሐዘን መስሎኝ።

ምላሷ ስለታም ነው። ዱቤ ወስዶ ለሚጠፋ ሰው በስሙ ጠርታ መንገድ ላይ ነበር የምትሰድበው። ሰው ይፈራታል፣ ይወዳታልም። እንዲህ ያለች ሴት አንድ ቀን ዕቃ ቤት ጠራችኝና በሩን ዘግታ «እስኪ ንኪው» አለችኝ። ጡቷ ውስጥ እንደ ብይ ያለ ነገር ጣቴ ሥር ሸሸት አለ። እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ።

«አስጠላሽ አይደል?» አለችኝ። «እኔንም አስጠልቶኛል። የሌላ ሰው ልብስ ለብሼ የምዞር ነው የሚመስለኝ።»

ጤና ጣቢያ ሄድን፣ እነሱ ደግሞ የጡት ራጅ ወደሚያነሳ የግል ክሊኒክ ላኩን፤ ቦሌ መንገድ ላይ። ያ መሣሪያ ያኔ ብርቅ ነበር። ወረፋው ሳይሆን የሰው ዓይን ነው የገደለን። የተቀመጠው ሁሉ የገባችውን ሴት ፊቷን አያይም፣ ደረቷን ነው የሚያየው። ወንዶቹም ሴቶቹም። ፈዲላ ከራጁ ክፍል ስትወጣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ነው።

«እንደ ፓስታ ዳመጡልሽ» አለች። «ቆሜ! ደግሞ እኮ 'አትተንፍሺ' ይሉኛል። ምን ትንፋሽ ቀርቶኝ?»

ፊልሙን አይቶ የሚፈርደው ሐኪም በየቀኑ አይመጣም አሉን። ሲደርስ እንደውላለን፣ ስልክ ስጡን። በሰፈራችን ስልክ ያለው እትዬ ሙሉ ቤት ነው፤ ባላቸው የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ በእሳቸው በኩል ነው የገባላቸው። የእሳቸውን ቁጥር ሰጠን። ምነው ጣቴ በተቆረጠ! የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። መጠበቅ የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ፈዲላ እህል አልወርድ አላት። የሥጋ ሽታ፣ የሽንኩርት ሽታ፣ የነጭ ጋዝ ሽታ፣ ሁሉም ያቅለሸልሻታል። ከሁሉ የባሰባት ግን እጇ ነው።

«ሥራ ካልያዘ ወደዚያው ይሄድብኛል» ትለኛለች። «ተኝቼም ሳላውቀው እዚያው አገኘዋለሁ። አደገ? አነሰ? ልቆርጠው ነው ይሄን እጅ!»

ስለዚህ ስኳር መጠቅለል ጀመረች። ጋዜጣ ትቀድዳለች፣ ትጠቀልላለች፣ ሩብ ኪሎ ትሞላለች፣ አፉን ታጥፋለች። ስኳሩ ሲያልቅ ጨው። ጨው ሲያልቅ ሻይ ቅጠል። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ ሞላ። ገርጂ በሙሉ ተሰብስቦ ቢጠጣው አይጨርሰውም። አባቴ «ኧረ ተይ፣ አይጥ ነው የሚበላው» ሲላት «ይብላ! እሱም ይጣፍጠው» አለችው።

ሐሙስ ዕለት ነው ስልኩ የተደወለው። እኛ ግን አላወቅንም።

እኛ ያየነው አርብ የሆነውን ነው። እትዬ ሙሉ ትኩስ ዳቦ በመሶብ ይዘው መጡ። ልብ በሉ፤ እኚህ ሴትዮ ፈዲላን «አንቺ ባለሱቅ» ከማለት ውጭ ጠርተዋት አያውቁም። ዛሬ «የኔ እናት፣ እንዴት አደርሽ» አሉ። ዓይናቸው ሄዶ ደረቷ ላይ አረፈ። ከዚያ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ ሙሉ። ምን ሆነዋል?»

«ምንም። ሰው ነን እንግዲህ፤ ነገ የሚሆነውን ማን ያውቃል» አሉና ጠጋ ብለው እጇን ያዙ። «ይቅር በይኝ። አምና ነጭ ጋዙን ውሃ ትቀላቅልበታለች ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።»

 ፈዲላ አምና ሙሉ ክረምቱን ጋዝ የሚገዛት አጥታ በርሜሉን እያየች ስትቆዝም ነበር። ግን ይቅርታ የጠየቀን ትልቅ ሰው ምን ይሉታል? «አውፍ ብያለሁ» አለች። በእኛ ዘንድ አውፍ በይኝ ያለን ሰው አውፍ ማለት ግድ ነው፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። እትዬ ሙሉ ዕንባቸውን ጠርገው፣ ቀሏቸው፣ መሶባቸውን ይዘው ሄዱ።

ቀጥሎ ኤርሳዶ መጣ። ከሱቃችን ማዶ ሻይ ቤት ያለው ነው። ሻይ በብርጭቆ ይዞ፣ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ፣ ቆሞ ጣቶቹን እያሻሸ፣

«ፈዲላ፣ የሱቅሽን በረንዳ ያስፈረስኩት እኔ ነኝ» አላት። «ቀበሌ ሄጄ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። አውፍ በይኝ።»

«አንተ ነህ?» አለች ፈዲላ። «እኔ እኮ የቀበሌውን ሊቀመንበር ሦስት ዓመት ሙሉ ስረግመው ኖሬያለሁ! ምስኪን ሰውዬ! ባለፈው እግሩ ሲሰበር ደስ ብሎኝ ነበር!»

ሳቅ መጣብኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። ኤርሳዶ ከሄደ በኋላ ሻዩን ሳትቀምስ ወደ ጎን ገፋችው።

«ሪሀና፣ እየሞትኩ ነው መሰለኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ኤርሳዶ በነጻ አጠጣኝ እኮ።»

ቅዳሜ ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። አንዷ ለልጆቿ «ሌባ ናት» ብላ እንዳማቻት፣ ሌላዋ ሚዛኗን እንደጠረጠረች፣ አንዱ ደግሞ የማላውቀው ሰውዬ በልቡ ክፉ አስቦባት እንደነበር ነገራት። ምን እንዳሰበ አልተናገረም፤ ባይናገርም ገብቶናል፣ ቱ! እያንዳንዱ ቆሻሻውን ይዞ መጥቶ እሷ ጭን ላይ አራግፎ ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል። ሲወጡ ፊታቸውን ብታዩት በርቷል። እሷ ግን እየጠቆረች ሄደች። «አውፍ ብያለሁ፣ አውፍ ብያለሁ» ስትል ስትል ድምፅዋ ሰለለ። እጇ ስኳሩን መጠቅለል አላቆመም።

እሁድ አባቴ በግ አረደ። ሼህ አብዱልጀባር መጥተው ዱአ ተደረገ። «ያ አላህ፣ አፊያ ስጣት» ይላሉ፣ ቤቱ ሙሉ «አሚን» ይላል። ፈዲላን ትራስ ደግፈው መሃል አስቀምጠዋታል፣ ከዕቃ ጋር ስትታገል የምትውለዋን ሴት! ብርጭቆ እንኳ እንድታነሳ አይፈቅዱላትም።

ማድ ቤት ገብቼ እናቴን አፋጠጥኳት። እናቴ ፈትያ ሥጋ እየከተፈች ነበር።

«ምንድን ነው የምትደብቁን?»

መጀመሪያ «ምንም» አለች። ኋላ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ከክሊኒክ ተደውሏል፤ ሐሙስ። ለእትዬ ሙሉ 'ሰው ይዛ ትምጣ' አሏቸው። እሳቸው ለአባትሽ ነገሩት።»

«እሺ፤ ውጤቱስ?»

«ምን ውጤት ትጠይቂኛለሽ? ሰው ይዛ ትምጣ ካሉ አልቋል እኮ ነው! ሐኪም ደህና ለሆነ ሰው ዘመድ ይጠራል? ለበሽተኛ አይነገር ነገር!»

«ታዲያ ማን ሄደ?»

«ሄዶ ምን ይሰማል? አባትሽ አቅም አጣ። ለእሷም ቢሆን ቁርጡን ከምታውቅ በልታ ጠጥታ፣ ዱአ ተደርጎላት...» አለችና አለቀሰች። ከዚያ ማን ጠየቃት፣ ሥጋ የነካ እጇን እየጠረገች ጨመረችልኝ። «እኔም ዛሬ ጠዋት አውፍ አስብያታለሁ። አንቺንም ወንድሞችሽንም ስወልድ እሷ ከኮምቦልቻ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሕፃኑ ተኝቷል እያልኩ ሸሽጌያት ነበር። የመካን ዓይን አይበጅም ብለውኝ።»

እናቴን ከዚያ በፊት እንደዚያ ተጠይፌያት አላውቅም። ወልዳ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፣ ምን ላድርጋት! ጥያት ወጣሁ። ለፈዲላ ልነግራት፣ አሁኑኑ ነጠላዋን አልብሼ በታክሲ ይዣት ልሄድ።

ሰዉ ምግብ ላይ ነበር። እሷ ጓዳ ገብታለች፤ አባቴም እዚያው አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ በሩ ላይ ቆምኩ። ፈዲላ አየችኝና «ግቢ» ብላ እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው።

«አውፍ በይኝ፣ ፈዲላ» አለ አባቴ።

«አውፍ ብያለሁ፣ ወንድምጋሼ።»

«ሳትሰሚው አይሆንም።» ዕንባውን ጠረገ። «ሃይደር መጥቶ ነበር።»

እጄን ጨመቀችው።

«በሰማንያ አምስት፣ በረመዳን። አንቺ መርካቶ ወርደሽ ነበር። ጅቡቲ ተሻግሮ ነበር፣ ታስሮም ነበር። እያጠያየቀ እዚህ ደረሰ። እኔ...» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አግብታለች አልኩት። ወልዳለች፣ ትዳሯን አታፍርስባት አልኩት። ልጆቹ ትናንሽ ነበሩ፣ ሱቁም ያኔ ገና መቆሙ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ምን ይውጠናል ብዬ ነው። አላህ ይፍረድብኝ።»

 ከውጭ የሰው ማኘክ ይሰማል። ፈዲላ ደግሞ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አፏ ለምዶት ነው መሰለኝ፣ በዚያው በሰለለ ድምፅ፣

«አውፍ ብያለሁ» አለች።

አባቴ እፎይ አለ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ከሆዱ ነው የተነፈሰው። ትከሻዋን ስሞ ሊነሳ ሲል ያዘችው።

«አሁን ንገረኝ። ክሊኒኩ ምን አለ?»

«ተይ እሱን አሁን...»

«ሐሙስ ደውለዋል» አልኩ እኔ። «ሰው ይዛ ትምጣ ብለዋል። ሌላ ምንም አላሉም። አንድም ሰው ሄዶ የጠየቀ የለም።»

ፈዲላ እኔን አየችኝ፣ አባቴን አየችው። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓሮ ሮጠችና አስመለሳት። ሆዷ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ቢጫ ውሃ ብቻ ነው የወጣት። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች። «ጀመራት እንግዲህ» አለች። ዞሬ ምን እንዳልኳት አልጽፈውም።

በማግስቱ ማለዳ ወጣን። አባቴ እኔም ልምጣ አለ፤ «ሱቅህን ጠብቅ» አለችው። ክሊኒኩ እንደተከፈተ ገባን። ዶክተር ገብረኣብ የሚባል ወጣት ሐኪም ፊልሙን መብራት ላይ ለጥፎ እያየ፣

«ሐሙስ ደውለን ነበር እኮ። ለምን ቆያችሁ?» አለ።

«ልሞት ስሰናዳ ነው» አለች ፈዲላ።

ሐኪሙ ደንግጦ አያት። «ማነው እንደዚያ ያለው? ውሃ የቋጠረ ነገር ነው የሚመስለው። በመርፌ ቀድተን እናየዋለን። ሰው ይዛ ትምጣ ያልነው መርፌው አንዳንዱን ሰው ራሱን ስለሚያዞረው ነው። ብቻዋን ታክሲ እንዳትሳፈር ብለን ነው።»

እኔ ነጠላዋን ተቀበልኳት።  መርፌው ሲገባ ፈዲላ ጣሪያውን ነበር የምታየው። ሐኪሙ የቀዳው ቀጠን ያለ ሻይ የሚመስል ውሃ ነው። «ይኼ ነው?» አለች። «ይኼ ነው» አላት። ውሃው ላይ የሚያሰጋ ነገር አላየሁም፣ ግን ከሁለት ወር በኋላ ተመለሺ፣ ደግመን እናያለን አለ። ያ ሳምንት ሙሉ የከዳት እጇ ቀስ ብሎ ወደዚያው ሄደ። ፈለገ። አጣው።

ለመሳቅ እየተዘጋጀሁ ፊቷን ሳይ ደስታ የለም። ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ በመስኮት ታያለች። ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ እስኪ» ይላል። ገርጂ ልንደርስ ስንል ብቻ ነው የተናገረችው።

«ከስቶ ነበር ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም» አለች።

ደጃችን ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ምናልባት ደግፈው ሊያስገቧት። እኔ ከታክሲው እንደወረድኩ «ደህና ናት! ምንም የላትም!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ እልል አለች። ከሌላው ግን እልልታው ወዲያው አልመጣም። እትዬ ሙሉ መሬት መሬት አዩ። ኤርሳዶ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ወደ ሻይ ቤቱ ተመለሰ። ያ በልቡ ክፉ ያሰበው ሰውዬ ጭራሽ ጠፋ። ሰው በሕይወት ስለተረፈ የሚያዝን ሕዝብ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

አባቴ እጁን ዘርግቶ መጣ። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» ትከሻዋን ሊስም ሲል አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች።

«ወንድምጋሼ፣ ትናንት አውፍ ያልኩህ ልሞት ነው ብዬ ነው። አልሞትኩም። እስኪ አሁን ጠይቀኝ።»

አባቴ ዘወር ብሎ የተሰበሰበውን ሰው አየ። ሁላችንም ጠበቅን። 

«እሺ» አለች። «እኔ ልጠይቅህ። ሃይደር ከስቶ ነበር?»

«በጣም» አለ አባቴ።

«ወዴት እሄዳለሁ አለህ?»

«ደሴ። ጋራዥ እሠራለሁ ብሎ ነበር።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ገባች፣ እጇን ታጠበች፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽርጡን በፌስታል ይዛ የወሎ አውቶቡስ ተሳፈረች። እስከ አውቶቡስ ተራ የሸኘኋት እኔ ነኝ። «ሰው ይዘሽ ሂጂ እንጂ» ብላት ሳቀች።

ሱቁን አባቴ ከፈተው። ስኳሩ ሁሉ ተጠቅልሎ ስለነበር ለጥቂት ጊዜ አልተቸገረም።